የድሮ ኮመዲኖ፦ የቱ አካሉ የመጀመሪያው፣ የቱ በኋላ የተጨመረው?

ጥያቄው ባጭሩ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚኖሩ ጠያቂ ከአያታቸው የወረሱት ባለ አምስት መሳቢያ ኮመዲኖ አለ። ከላይ ሁለት ትንንሽ መሳቢያ ጎን ለጎን፣ ከሥር ሦስት ረጃጅም። አንድ ገዢ «ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የፈረንሳይ ዕቃ ነው» ብሏቸዋል። አንድ አናጢ ደግሞ «አሮጌው ግንባሩ ብቻ ነው፤ ልላጠውና አዲስ ላስመስለው» ይላል። እርሳቸው ያስተዋሉት ሦስት ነገር ነው፦ በየእጀታው ኋላ ከውስጥ በኩል አራት ቀዳዳ ሲታይ ከፊት ሁለት ብቻ ነው፤ የታችኛው መሳቢያ ወለል ኮምፔርሳቶ ነው፤ የጀርባው ሳንቃ ቀለሙ ከሌላው አካል ይለያል። የቱ የመጀመሪያው እንደሆነ እንዴት ልወቅ? ይላጥ ወይስ ይቅር?

መልስ፦

አናጢው ለጊዜው እጁን ይሰብስብ። የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ከነካው ዕድሜውን የሚናገረው ማስረጃ አቧራ ሆኖ ይጠረጋል። ምርመራው ግን ዕቃውን አይጎዳም፣ ከግማሽ ቀን በላይም አይፈጅም።

ገዢውም አናጢውም የፈረዱት ግንባሩን አይተው ይመስላል። ግንባር በየዘመኑ ይቀባል፣ ይወለወላል፣ እጀታው ይለወጣል። ስለ አሠራሩ በትክክል የሚመሰክረው ማንም ላሳምረው ያላለው ቦታ ነው፦ የመሳቢያው ጎን፣ የወለሉ ሥር፣ የሣጥኑ ውስጥ፣ ጀርባው። ሥራው ሒሳብ እንደ ማወራረድ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በማዶ የሚወጣበት፣ እያንዳንዱ የተበላ ቦታ የበላው አካል፣ እያንዳንዱ የነጣ ጥላ የሸፈነው ነገር ሊኖረው ይገባል። ጥንዱን ያጣ ምልክት ካገኙ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው።

የሚያስፈልግዎ ጥሩ ባትሪ፣ ሜትር፣ አጉሊ መነጽር፣ ካቻቪቴ፣ እርሳስና የወረቀት ፕላስተር ነው። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት ሐምራዊ ብርሃን ያላት ትንሽ ባትሪ ከተገኘች ኋላ ላይ ትጠቅማለች። መሳቢያዎቹን በሙሉ አውጥተው የትኛው ከየት እንደወጣ በፕላስተሩ ላይ ጽፈው ይለጥፉ፤ እንጨቱ ላይ ምንም አይጻፉ። ባትሪውን ከጎን፣ ከእንጨቱ ገጽ ጋር አስተኝተው ያብሩት። የመላጊያ ሞገድ፣ የተደፈነ ቀዳዳና የተነሳ ልባጥ (ከላይ የሚለጠፍ ስስ እንጨት) ጥላ የሚጥሉት ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ። ካዩት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ምልክት ነውና እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። አራቱ ቀዳዳ ሁለት ጥንድ ነው፤ አንዱ ጥንድ ዛሬ ያለው እጀታ፣ ሌላው ከእርሱ በፊት የነበረው። በየጥንዱ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩና በአምስቱም መሳቢያ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ አንዱን እጀታ ፈትተው ያውጡ። ከሥሩ የቀድሞው እጀታ ሰሌዳ ቅርጽ ከዙሪያው ጠቆር ወይም ነጣ ብሎ ሊቀር ይችላል። ቀጥሎ ባትሪውን አስተኝተው፣ ከውስጥ የለኩትን ርቀት ወደ ፊት አዙረው፣ የጠፉት ሁለት ቀዳዳዎች ሊወጡ ይገባቸው የነበረበትን ነጥብ ይፈልጉ።

የሚያገኙት ከሁለት አንዱ ነው። በዚያ ነጥብ ላይ ክብ ውታፍ ካለ፣ ወይም ስቱኮ የተሞላበት የእንጨት መስመር የማይታይበት ነጠብጣብ ካለ፣ ግንባሩ የመጀመሪያው ነው፤ የተለወጠው እጀታው ብቻ ነው። ይህ ከባድ ጉድለት አይደለም፤ አንድም እጀታ ያልተለወጠበት የድሮ ኮመዲኖ ብዙ አይገኝም። ውታፍም ስቱኮም ከሌለ፣ የእንጨቱም መስመር በዚያ ነጥብ ላይ ሳይቋረጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ ግንባሩ ላይ አዲስ ልባጥ ተለጥፏል። እንዲያ ከሆነ የአናጢው አባባል ተገልብጧል፦ አሮጌው አካሉ፣ አዲሱ ግንባሩ ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ የግንባሩን የላይ ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ይዩ። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ የድሮ ልባጥ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ ውፍረቱም ወጥ አይደለም። በማሽን ቢላ የተላጠው ከ1 ሚሊሜትር በታች፣ አንዳንዴም እንደ ካርቶን ስስ ነው። በቁልፉ ቀዳዳ በኩልም ያጮልቁ፤ ከኋላ ያለው እንጨት ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ የፊቱ ልባጥ ጠበብ ካለ፣ ልባጡ ከቁልፉ በኋላ የመጣ ነው።

ቀጥሎ ጎንና ግንባር የተጣመሩበትን ማዕዘን ይመልከቱ። ጫፉ ሰፋ፣ ሥሩ ቀጠን ያለው ዶቭቴይል የሚባለው ጥርስ ነው። በእጅ ሲቆረጥ ጥርሶቹ ስፋታቸው ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ በሥራቸው በሹል ነገር የተጫረ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል፤ ከግንባሩ ውስጥ በኩልም መጋዙ ከመስመሩ አልፎ የሄደበት ጭረት ሊኖር ይችላል። በማሽን የተቆረጠው ጥርስ ሁሉም እኩል፣ ክፍተቱም እኩል ነው። ይህ ዓይነቱ የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ነው። ግን ይጠንቀቁ፤ «ጥርሱ የእጅ ነው፣ ስለዚህ ጥንታዊ ነው» የሚለው የሻጮች አባባል አያስኬድም። ማሽን በሌለበት ሱቅ አናጢ ጥርስን በእጁ መቁረጡን አላቆመም። ጥርሱ ይበልጥ የሚጠቅመው መሳቢያን ከመሳቢያ ለማነጻጸር ነው። የአንድ ሰው እጅ በአንድ ዕቃ ላይ የጥርሱን ቁጥርና ዝንባሌ አይለዋውጥም። ሦስቱን ረጃጅም መሳቢያዎች አጠገብ ለአጠገብ አቁመው ጥርሳቸውን ይቁጠሩ። የታችኛው ከሁለቱ ከተለየ፣ ወለሉ ብቻ ሳይሆን መሳቢያው በሙሉ ተተክቷል። ከተመሳሰለ የተለወጠው ወለሉ ብቻ ነው።

ስለ ኮምፔርሳቶው። ለመሳቢያ ወለል በሰፊው የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በእርስዎ ዕቃ ላይ ግን አንዱ መሳቢያ ብቻ ስለሆነ የሚያሳየው ጥገናን ነው። ከፊትና ከጎኑ ወለሉ የሚገባበትን ቦይ ይለኩ። የቀድሞው ወለል ወፍራም ሳንቃ ሆኖ ጠርዙ ተላጦ ከቦዩ ይገባል፤ 4 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ በዚያ ቦይ ውስጥ ልል ብሎ ይንቀጫቀጫል፣ ወይም በሽብልቅ ተወጥሮ ይገኛል። አምስቱም ወለል ኮምፔርሳቶ ሆኖ በየቦዩ ልክክ ብሎ ቢገባ ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር፤ ዕቃው ከመነሻው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ይባል ነበር።

ወለል መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው? ሳንቃ ሲደርቅ የሚኮማተረው ወደ ስፋቱ ነው፤ ርዝመቱ የሚለወጠው ከቁጥር የማይገባ ያህል ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ ከ50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በኋላ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ አየሯም ሞቃትና ደረቅ ነው። ዕቃ ከሐረር ወርዶ ድሬ ሲገባ ሳንቃው ይሰበሰባል። ጥሩ ሠሪ ወለሉን ከቦዩ ውስጥ ነጻ ትቶ ከኋላ በኩል በአንድ ሁለት ምስማር ብቻ ይይዘዋል፤ ሲኮማተር ይሸሻል እንጂ አይቀደድም። በኋላ የመጣ ጠጋኝ ዙሪያውን በኮላና በምስማር ሲያስረው መሸሻ ያጣና መሐሉ ይሰነጠቃል። የሌሎቹን አራት መሳቢያዎች ወለል ገልብጠው ይዩ፤ ከግንባሩ ሸሽቶ ትንሽ ክፍተት ያለው ወለል ጤነኛ ነው፣ ምንም አይደረግበት።

በሣጥኑ ውስጥ መሳቢያው የሚሄድበት ሐዲድ ላይ እጅዎን ያሳልፉ። የመሳቢያው ጎን የታች ጠርዝ ለዓመታት ሲፋተግ ይበላል፣ ሐዲዱም ይሰረጎዳል። ሁለቱ ልክ ለልክ ሊገጥሙ ይገባል። የመሳቢያው ጠርዝ ተበልቶ ሐዲዱ ግን ቀጥ ያለ ከሆነ ሐዲዱ ተለውጧል፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ በዋንዛ ወይም በጽድ ይተካል፣ ደግ ጥገናም ነው። ሐዲዱ ተሰርጉዶ የመሳቢያው ጠርዝ ስለታም ከሆነ ግን መሳቢያው ከሌላ ዕቃ የመጣ ወይም አዲስ የተሠራ ነው። በመሳቢያው ኋላ ወይም ከወለሉ ሥር ቁጥር ካለም ይመልከቱ። ሠሪዎች የመሳቢያውን ተራ በእርሳስ ወይም በመሮ ምልክት ያደርጋሉ። የግዕዝ ቁጥር፣ የዓረብ ቁጥር ወይም የፈረንጅ ቁጥር ሊሆን ይችላል። አምስቱም በአንድ እጅ ተጽፈው ተራቸውን ጠብቀው ከሄዱ ትልቅ ማረጋገጫ ነው። ቋንቋው ግን ብቻውን አገር አይነግርዎትም፤ የጻፈው ሠሪው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የጠገነው ሊሆን ይችላል። ከወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ ከተገኘ ቀኑ የሚነግረን ወረቀቱ ከዚያ ቀን በፊት አለመነጠፉን ብቻ ነው።

የጀርባው ሳንቃ ቀለሙ መለየቱ ብቻውን ብዙ አያስደነግጥም። ያልተቀባ እንጨት አየር ሲነካው እየጠቆረ ይሄዳል፤ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ስለሚኖር ከውስጡ በተለየ መንገድ ያረጃል። ወሳኙ በውስጥ በኩል ያለው ጥላ ነው። ከመሳቢያዎቹ መካከል አግድም የሚያልፉት ማገሮች ሳንቃውን በነኩበት ቦታ አየር ስላልደረሰው ነጣ ያለ መስመር ይቀራል። መስመሩ ከማገሩ ጋር ከገጠመ ጀርባው የዚሁ ዕቃ ነው። መስመሩ ሌላ ከፍታ ላይ ካለ ሳንቃው ከሌላ ዕቃ የተነቀለ ነው። ጨርሶ ከሌለ ደግሞ በቅርብ የገባ ነው። የምስማር ቀዳዳዎቹንም ይቁጠሩ፤ በጎኖቹ ጠርዝ ላይ ካለው ምስማር የበለጠ ባዶ ቀዳዳ ካለ ጀርባው ቢያንስ አንዴ ተነስቶ ተመልሷል። የመጋዙን ምልክት ደግሞ አይዝለሉት። ቅስት ቅስት የሚል ጭረት የክብ መጋዝ ነው፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ላይ አይጠበቅም። ቀጥ ያለ፣ ግን ክፍተቱና ዝንባሌው የተዘበራረቀ ጭረት የእጅ መጋዝ ነው።

ከምስማርና ከቪቴ የሚገኘው ፍንጭ ፈጣን ነው። አካሉ አራት ማዕዘን፣ ራሱ የተቀጠቀጠ ምስማር የአንጥረኛ ሥራ ነው። ክብ የሽቦ ምስማር የበዛው እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹና ከ1890ዎቹ ወዲህ ነው። ጫፉ ያልሾለ፣ የራሱ ስንጥቅ ከመሐል ያፈነገጠ ቪቴ እ.ኤ.አ. ከ1850 በፊት የነበረ አሠራር ነው። ራሱ ላይ መስቀል ያለው ቪቴ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በመሆኑ፣ የተገኘበት ቦታ ከዚያ በኋላ ተነክቷል። ይህ ሁሉ የሚናገረው ስለዚያ ቦታ ብቻ ነው። በአንድ አዲስ ቪቴ ዕቃውን ሁሉ አዲስ ማለት አይቻልም፤ በአንድ አሮጌ ምስማርም ሁሉን አሮጌ ማለት አይቻልም።

ዕቃው ተቆርጦ መጠኑ ቀንሶ እንደሆነም ማጣራት አለብዎት፤ ዋጋን ከሁሉ በላይ የሚጥለው ይህ ነው፣ ገዢም ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ይህንኑ ነው። የቁልፉ ቀዳዳ ከረጅሙ መሳቢያ መሐል ላይ መሆኑን በሜትር ያረጋግጡ። ሁለቱ እጀታዎች ከየጠርዛቸው እኩል መራቃቸውንም ይለኩ። አንዱ ወገን ካጠረ ስፋቱ ተቆርጧል። ጥልቀቱን ለማወቅ የመሳቢያውን የኋላ ማዕዘን ይዩ። ከፊት በጥርስ ተጣምሮ ከኋላ በምስማር ብቻ የተያዘ፣ የጎኑ ጫፍም ንጹሕና ነጣ ያለ የመጋዝ ገጽ ካለው፣ ለጠባብ ክፍል ተብሎ ከኋላ ተቆርጧል። የላይኛው ሰሌዳ ገጽም ይታይ፤ ጨርሶ ሻካራና ያልተወለወለ ከሆነ ከላዩ ሌላ ክፍል ይቀመጥበት የነበረ፣ የረጅም ዕቃ ታችኛው ግማሽ ሊሆን ይችላል።

እግሮቹን ገልብጠው ሲያዩ ሦስት ጉዳት ይለዩ። ምስጥ ከመሬት ወደ ላይ ይገባል፤ ውጩን ትቶ ውስጡን ባዶ ያደርጋል፣ አፈርም ይተዋል። ነቀዝ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ክብ መውጫ ይተዋል። ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፈው ለአንድ ሳምንት ይተዉት፤ ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ አሁንም እየሠራ ነው፤ የጠቆረ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ያለፈ ታሪክ ነው። በእንጨቱ ገጽ ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን እንደ ቦይ የተጋደመ የነቀዝ መንገድ ካዩ ያስተውሉ። ነቀዝ መንገዱን የሚሠራው ከውስጥ ነው፤ መንገዱ ገጽ ላይ የተገለጠው እንጨቱ ከተበላ በኋላ ስለተሰነጠቀ ወይም ስለተላገ ነው። ከሌላ አሮጌ ዕቃ የተወሰደ እንጨት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ውሃ ነው። ዕቃው በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋን ባጥለቀለቀበት ጊዜ ከወንዙ ዳር ከነበረ፣ በጎኖቹ ውስጥ አንድ ከፍታ ላይ የቆመ የውሃ መስመር፣ በመገጣጠሚያው ስንጥቅ ውስጥ ደለል፣ ከታችኛው መሳቢያ ግንባር ላይም ያበጠ ልባጥ ይገኛል። የድሮው የቆዳና የአጥንት ኮላ በውሃ ይፈታል፤ የታችኛው መሳቢያ ወለል ለምን እንደተለወጠም ይኸው ያስረዳል።

ፈረንሳይ ነው የሚለውን ለመመርመር የማይታየውን እንጨት ይለዩ። ሠሪ ለግንባሩ የሩቅ አገር እንጨት ሊያስመጣ ይችላል፤ ለመሳቢያ ጎንና ለጀርባ ግን ከደጁ ያለውን ነው የሚጠቀመው። የተቆረጠውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ይዩ። ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ሆነው በቀለበት የተደረደሩ፣ ከመሐል ወደ ውጭ የሚሄዱ ወፋፍራም ጨረሮች ያሉት ከሆነ ኦክ ነው፤ የአውሮፓ ወሬ ያኔ ሚዛን ይደፋል። ሲነኩት ዘይት ዘይት የሚልና የቆዳ ሽታ ያለው ቲክ ወደ ህንድ ይመራል፤ የህንድ ነጋዴዎች በሐረር ይነግዱ ነበርና አያስገርምም። ቀላ ብሎ የእርሳስ ሽታ ያለው ጽድ፣ ነጣ ብሎ ወጥ የሆነው ዝግባ፣ ማር መሳይ ቡናማው ዋንዛ ደግሞ የአገራችን ናቸው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ሐረር የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ይጫን ስለነበር፣ ይህን የሚያህል ዕቃ ከውጭ የመጣ ከሆነ በባቡሩ ዘመን መምጣቱ ይበልጥ ያሳምናል። የመጣበት ዘመን ግን የተሠራበት ዘመን አይደለም። የመሳቢያው ጎን ሁሉ ዋንዛ ሆኖ ከተገኘ እዚሁ የተሠራ ነው፤ አያሳዝንዎት። በእኔ እምነት በደንብ የተሠራ የድሬ ወይም የሐረር ሥራ ከብዙ ከውጭ ከመጣ ዕቃ የበለጠ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ የከተማችንን የእጅ ሙያ የሚያሳየው እርሱ ነውና።

የመላጡ ጉዳይ። ቅቡን ከማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከጎኑ የታች ጠርዝ፣ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት በአልኮል ነክረው ለ10 ሰከንድ ያህል ይንኩት። ከተጣበቀና ቡናማ ቀለም ጥጡ ላይ ከወጣ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟ የድሮ የእንጨት ቅብ) ነው። በጨለማ ክፍል የብር መለያዋን ባትሪ ቢያበሩበት ጎማላካ ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል፤ ሌላ ዓይነት ቅብ የተቀባበት ቦታ ተለይቶ ይወጣል፣ የጥገናውን ድንበር በዓይን ያሳይዎታል። ጎማላካ ከሆነ መላጥ አያስፈልገውም፤ ከላዩ በራሱ በጎማላካ ይታደሳል። በሲንቴቲክ ቀለም የተቀባ ቢሆን እንኳ ስስ ልባጥ ላይ ማሽን ካረፈ በደቂቃ ውስጥ ሥሩ ይወጣል፤ መመለሻ የለውም። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያውርዱ፤ ቆሻሻውን በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ያንሱና ወዲያው ያድርቁት። ከዚያ 1 እጅ የንብ ሰም በ2 እጅ ተርፔንታይን አሟሙተው በስሱ ይቀቡት። ሲያሟሙ ዕቃውን ፍል ውሃ ውስጥ ያስቀምጡ እንጂ እሳት ላይ አይጣዱት፤ ተርፔንታይን በእሳት ይያዛል። ሐዲዱን ተራ ሻማ ማሸት ይበቃዋል።

አናጢው ሥራ ካማረው የላላ ሐዲድ ያጥብቅ፤ ኮላውም የሚፈታ ዓይነት ይሁን። ኮምፔርሳቶው እየያዘ እስከሆነ ይቆይ። የሚነቀል ነገር ካለ፣ ምስማርም ቢሆን፣ ከየት እንደወጣ ተጽፎ በፌስታል ይቀመጥ። ዕቃውን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳና ከቬንቲሌተር ፊት ያርቁት።

ከነገሩኝ ተነስቼ የምገምተው፣ አካሉ አሮጌ፣ እጀታው የተለወጠ፣ የታችኛው መሳቢያ የተጠገነ ዕቃ መሆኑን ነው። ግንባሩ የመጀመሪያው ይሁን ወይም አዲስ ልባጥ የለበሰ፣ የጠፉት ሁለት ቀዳዳዎች ይወስናሉ። አራት ፎቶ ይላኩ፦ እጀታው የተነሳለት ግንባር በጎን ብርሃን፣ የሦስቱ ረጃጅም መሳቢያዎች ማዕዘን ጎን ለጎን፣ የታችኛው መሳቢያ የኋላ ጫፍ፣ የጀርባው ሳንቃ ከውስጥ በኩል። ሜትሩ ተዘርግቶ በየፎቶው ውስጥ ይታይ። እስከዚያ ድረስ ከገዢው ቀብድ አይቀበሉ።